ዝምታ ፈቃድ አይሁን፦ የጦር መሣሪያ ገዢን ስለ ማጣራት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የጦር መሣሪያ ሕግ ለምታወጡ የምክር ቤት አባላት፣ ፈቃድ ለምትሰጡና ለምትሰርዙ ጽሕፈት ቤቶች፣ እንዲሁም ነገሩ ለሚመለከተው ሕዝብ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የመሣሪያ ፈቃድና የገዢ የኋላ ታሪክ ማጣራት የአንድ ቀን ሥራ ሆኖ እንዳይቀር ስለ መጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ብዙ ሰው በጥይት ካለቀ በኋላ የሚወጡ የምርመራ ሪፖርቶችን ለዓመታት ሳነብ ቆይቻለሁ። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የሟቾቹ ቁጥር ብቻ አይደለም። ገዳዩ አደገኛ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ነበረ። አንድ ፍርድ ቤት ያውቅ ነበር፤ አንድ አለቃ፣ አንድ ሐኪም፣ አንድ የፖሊስ መኮንን ያውቅ ነበር፤ አብራው የኖረች ሴት ደግሞ ከሁሉም ቀድማ ታውቅ ነበር። ያላወቀው መሣሪያውን ይግዛ ብሎ የፈረመው ሰው ነው። አውቆም ዝም ያለበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ መሣሪያ ፈጽሞ ይከልከል ወይም እንደልብ ይሸጥ በሚለው ክርክር ውስጥ አይገባም። አብዛኛው አገር መሣሪያ ለአንዳንዱ ሰው ይፈቅዳል፣ ለአንዳንዱ ይከለክላል። ይህን ከተቀበልን ዘንድ የሚፈቀድለትንና የሚከለከለውን መለየት የመንግሥት ግዴታ ነው። እኔ የምጠይቃችሁ ይህ መለየት በእውነት እንዲሠራ ነው።

እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉትም ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኅዳር 5 ቀን 2017 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ሰዘርላንድ ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ እሑድ በቤተ ክርስቲያን የተሰበሰቡ ምእመናን ላይ አንድ ሰው ተኩሶ 26 ነፍስ አጠፋ። በእናቱ ማኅፀን የነበረ ጽንስ በዚህ ቁጥር ውስጥ ተቆጥሯል። ገዳዩ ቀድሞ የአየር ኃይል ባልደረባ ነበር። በ2012 ሚስቱንና ገና ሕፃን የነበረ የእንጀራ ልጁን በመደብደብ በጦር ፍርድ ቤት ተፈርዶበት ታስሯል። የአገሪቱ ሕግ እንዲህ ያለ ሰው መሣሪያ እንዳይገዛ በግልጽ ይከለክላል። ሰውየው ግን ፈቃድ ካላቸው ነጋዴዎች ሄዶ፣ ቅጹን ሞልቶ፣ ማጣሪያውን አልፎ ገዛ። ማጣሪያው ለምን አሳለፈው? አየር ኃይሉ የጣት አሻራውንና የፍርዱን ውጤት ለፌዴራሉ መዝገብ ስላላስተላለፈ። ሕጉ ነበር፣ ፍርዱ ነበር፣ መዝገቡም ነበር። የጎደለው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው መሄድ የነበረበት ወረቀት ነው። በ2021 አንድ የፌዴራል ዳኛ ለደረሰው ጉዳት 60 በመቶ ተጠያቂው መንግሥት ነው ብሎ ፈረደ፤ በ2023 መንግሥት ለተጎጂዎችና ለቤተሰቦቻቸው 144.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ያ ወረቀት በጊዜው ቢላክ ኖሮ የሚፈጀው የጸሐፊ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበር።

የመጀመሪያውም አልነበረም። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 2007፣ በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ 32 ሰዎችን የገደለው ተማሪ በ2005 መጨረሻ ለራሱ አደገኛ ነው ተብሎ በዳኛ ትእዛዝ ሕክምና እንዲከታተል ተወስኖበት ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ ሳይሆን እየተመላለሰ እንዲታከም ስለታዘዘ ግዛቱ ስሙን ወደ መዝገቡ አላስተላለፈውም። ሁለት ሽጉጥ ገዛ፤ ሁለቱንም ጊዜ ማጣሪያው አሳለፈው። ከዚያ በኋላ መረጃ ማስተላለፍን የሚያጠናክር ሕግ በጥር 2008 ወጣ። ሕጉ ከወጣ ከዓመታት በኋላ ነው የሰዘርላንድ ስፕሪንግሱ ወረቀት ሳይላክ የቀረው። ሕግ ማውጣት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስተማምን ከዚህ ተመልከቱ።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ለሕግ አውጪዎች ነው። መዝገብ ይቋቋም ብላችሁ ስታበቁ ሥራው አላበቃም። ፍርድ ቤት፣ ሠራዊት፣ ፖሊስ፣ ማረሚያ ቤት፣ እያንዳንዳቸው ምን መረጃ፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ በማን እጅ እንደሚልኩ በሕጉ ይጻፍ። በየተቋሙ ለዚህ የሚጠየቅ ሰው በስሙ ይታወቅ። በየዓመቱ ደግሞ ከውጭ የመጣ ኦዲተር የፍርድ መዝገቦችን ናሙና ወስዶ ከማጣሪያው መዝገብ ጋር ያመሳክር። ለምሳሌ ሚስቶቻቸውን ደብድበው ከተፈረደባቸው ሰዎች መካከል ስንቱ በመዝገቡ አሉ? ይህን የማይመልስ መንግሥት ማጣሪያ አለኝ ሊል አይገባውም።

አሁን ወደ ዝምታው ልምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ ልባችሁ እንዲያርፍበት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

የአሜሪካው ማጣሪያ የተወለደው ከአንድ ሰው ቁስል ነው። በ1981 ፕሬዚዳንት ሬገንን ለመግደል በተሞከረ ጊዜ የቤተ መንግሥቱ ቃል አቀባይ ጄምስ ብሬዲ ጭንቅላቱን ተመትቶ ዕድሜውን ሙሉ አካል ጉዳተኛ ሆነ። ተኳሹ ሽጉጡን ሲገዛ ቅጹ ላይ የሞላው አድራሻ ውሸት ነበር፤ ያጣራ ሰው ቢኖር ኖሮ ይደረስበት ነበር። ብሬዲና ባለቤቱ ሣራ ለዓመታት ተሟግተው በስሙ የሚጠራው ሕግ በ1993 ወጣ። መጀመሪያ አምስት የሥራ ቀን የመቆያ ጊዜ ነበረው። ከኅዳር 1998 ጀምሮ ግን በኮምፒውተር በቅጽበት የሚመልስ ሥርዓት ተተካ። በዚያው ሕግ ውስጥ አንድ ሐረግ ገባች፦ አጣሪው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ ነጋዴው መሸጥ ይችላል።

በሚያዝያ 2015 አንድ የ21 ዓመት ወጣት በደቡብ ካሮላይና ሽጉጥ ሊገዛ ሄደ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በተከለከለ መድኃኒት ተይዞ፣ ይዞታውንም አምኖ ነበር። አጣሪዋ መዝገቡ ላይ መያዙን አየች፤ ዝርዝሩን ለማግኘት ብትጽፍም ጉዳዩን የያዘው የትኛው የፖሊስ ጣቢያ እንደሆነ መዝገቡ በስሕተት ስለጻፈ ጥያቄዋ ወዳልሆነ ቦታ ሄደ። ሦስቱ ቀን አለፈ። ነጋዴው ሸጠለት፤ ሕጉ ፈቅዶለታል። ሰኔ 17 ቀን ያ ወጣት በቻርለስተን ከተማ የአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ገብቶ፣ ከምእመናኑ ጋር ተቀምጦ ቆይቶ፣ ዘጠኝ ሰዎችን ገደለ። ከነሱ አንዱ የቤተ ክርስቲያኑ መጋቢና የግዛቱ ምክር ቤት አባል የነበሩት ክሌመንታ ፒንክኒ ናቸው።

አጣሪዋ ሥራዋን እየሠራች ነበር። ያላለቀ ሥራ እንዳለቀ የቆጠረው ሕጉ ነው። ከ2022 ወዲህ ዕድሜው ከ21 በታች ለሆነ ገዢ ጊዜው እስከ አሥር የሥራ ቀን እንዲራዘም ተደርጓል፤ ለቀረው ግን ያቺ ሐረግ እስካሁን በቦታዋ ነች።

እኔ የምለው ግልጽ ነው። መልስ ካልተገኘ አይሸጥ። የማጣሪያው ሥራ ያላለቀለት አመልካች ገና ያልተፈቀደለት ሰው ነው። ይህ ሲባል ጽሕፈት ቤቱ ፋይሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሰውን እንዲያንከራትት አይደለም፤ ጊዜ ገደብ ሊኖር ይገባል። ግን ገደቡ ሲያልፍ ነገሩ ወደ ነጋዴው ሳይሆን ወደ ዳኛ ይሂድ። አመልካቹ አቤት ይበል፤ ዳኛውም ጽሕፈት ቤቱን ጠርቶ ለምን ዘገየህ ብሎ ይጠይቅ። የዘገየ ቢሮ ይቀጣ። ነጋዴው ግን በመንግሥት ዝምታ ላይ ተመሥርቶ ሽጉጥ አይስጥ።

እዚህ ላይ በፈቃድና በሱቁ መሸጫ ጠረጴዛ ላይ በሚደረግ ማጣሪያ መካከል ያለውን ልዩነት ማንሳት አለብኝ፤ በክርክሩ ውስጥ ሁለቱ እየተምታቱ ብዙ ጊዜ ጠፍቷል። መሸጫ ጠረጴዛው ላይ የሚደረገው ማጣሪያ ስምን ከመዝገብ ጋር ማስተያየት ነው፤ መዝገቡ ዝም ካለ ሰውየው አለፈ። ፈቃድ ግን ሰውየው ራሱ በአካል ቀርቦ፣ ማንነቱ ተረጋግጦ፣ ሠልጥኖ፣ ጥያቄ ተጠይቆ፣ ጊዜ ተወስዶ የሚሰጥ ነው። ኮነቲከት የምትባለው የአሜሪካ ግዛት በ1995 ሽጉጥ መግዛት የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያወጣና እንዲሠለጥን አዘዘች። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 ባሳተሙት ጥናት በቀጣዮቹ አሥር ዓመታት በጥይት የሚፈጸም ግድያ ሕጉ ባይወጣ ከሚጠበቀው በ40 በመቶ ያህል ዝቅ ብሏል ብለው ገመቱ፤ ረዘም ያለ ጊዜን የሸፈነ የኋላ ጥናት ቁጥሩን ወደ 28 በመቶ አወረደው። ሚዙሪ ደግሞ ከ1921 ጀምሮ የነበራትን የፈቃድ ሕግ በ2007 ሰረዘች፤ ከዚያ በኋላ በጥይት የሚገደል ሰው ቁጥር በግልጽ ጨመረ። በአንጻሩ ካሊፎርኒያ በ1991 ያለ እንዲህ ዓይነት ፈቃድ የማጣራቱን ሕግ ብታሰፋ በተከተሉት አሥር ዓመታት በግድያውም ሆነ ራስን በማጥፋቱ ላይ ለውጥ እንዳልታየ ሌላ ጥናት አሳይቷል። እነዚህ ጥናቶች ግምት ናቸው፤ ሌሎች ምክንያቶች አብረው ይሠራሉ። ቢሆንም የሚያመለክቱት አቅጣጫ አንድ ነው፦ ስም ማስተያየት ብቻውን ብዙ አይፈይድም፤ ሰውየውን ማየት ይፈይዳል።

ሰውየውን ማየት ስንል ማንን መጠየቅ ማለት ነው? አብረውት የሚኖሩትን።

ካናዳ ውስጥ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ሁለት ምስክር ያቀርባል። ከዚህ በላይ ግን አሁን አብራው የምትኖረው፣ ወይም ባለፉት ሁለት ዓመታት አብራው የኖረችው ሴት (ወይም ወንዱ) ስለ ማመልከቻው እንድታውቅ ይደረጋል። ፊርማዋ ከሌለ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ያሳውቃታል፤ ስጋት ካላት ትናገራለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመለክት ደግሞ ቢያንስ 28 ቀን ይጠብቃል። በጃፓን ፖሊስ የአመልካቹን ቤተሰብና ጎረቤት ያነጋግራል፤ የሐኪም ማስረጃ፣ የጽሑፍና የተኩስ ፈተና አለ፤ ፈቃዱ ከወጣም በኋላ መሣሪያው በየዓመቱ ይታያል፣ ፈቃዱም በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ይህን የምጠቅሰው ሁሉም አገር እንደ ጃፓን ይሁን ለማለት አይደለም። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ቁጡነት፣ ዛቻ፣ ስካር፣ ተስፋ መቁረጥ በፖሊስ መዝገብ ከመጻፉ በፊት በቤት ውስጥ ይታያልና።

ጥያቄው ለይስሙላ ሲጠየቅ ምን እንደሚሆን ኒው ዚላንድ አይታለች። መጋቢት 15 ቀን 2019 በክራይስትቸርች ሁለት መስጊዶች 51 ሙስሊሞችን የገደለው ሰው መሣሪያዎቹን የገዛው በ2017 በተሰጠው ሕጋዊ ፈቃድ ነው። ሥርዓቱ ከምስክሮቹ አንዱ የቅርብ ዘመድ እንዲሆን ይፈልግ ነበር። እህቱ የምትኖረው ሌላ አገር ስለሆነ ምስክር ይለወጥ ተባለ፤ በምትኩ የቀረቡት በኢንተርኔት ጨዋታ የተዋወቀው ጓደኛና የጓደኛው ወላጅ ናቸው። ጉዳዩን የመረመረው ንጉሣዊ ኮሚሽን በ2020 መጨረሻ ፖሊስ የፈቃድ አሰጣጡን በሚገባው ደረጃ አላስተዳደረም ብሎ ደመደመ። እህቱን ለማነጋገር የሚያስፈልገው የስልክ ጥሪ ነበር። መልሷ ነገሩን ይለውጠው እንደሆን ማንም ሊናገር አይችልም፤ አለመጠየቋ ግን ይቅር የሚባል አይደለም። ቅጹ ሁለት ስም ይፈልግ ነበር፣ ሁለት ስም ተገኘ፤ ቅጹ ሞላ፣ ሰውየው ግን ሳይታወቅ ቀረ።

ፈቃድ ለምትፈርሙ ሠራተኞች ይህን ልበል። እንቢ የማለት ሥልጣን እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እንቢ ማለት ከባድ እንደሆነም አውቃለሁ። አመልካቹ ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ ጨዋ ነው፣ ሰነዱ ሙሉ ነው፣ አለቃችሁ ፋይሉ ቶሎ እንዲያልቅ ይፈልጋል። ሊሞት የሚችለው ሰው ግን ቢሮአችሁ አይመጣም። ስለሱ የሚናገር ከናንተ በቀር የለም።

ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላስ? ከሁሉ የባሰው ጉድለት ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ይለወጣል። ፈቃድ ሲወስድ ደኅና የነበረ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ሚስቱን የሚያስፈራራ፣ ሥራውን ያጣ፣ በጥላቻ የሰከረ ሊሆን ይችላል።

በስኮትላንድ ደንብሌን መጋቢት 13 ቀን 1996 አሥራ ስድስት ሕፃናትን ከመምህራቸው ጋር በትምህርት ቤታቸው ጂምናዚየም የገደለው ሰው ሽጉጦቹን በፈቃድ ነበር የያዘው። በ1991 አንድ የፖሊስ መርማሪ ይህ ሰው እምነት የሚጣልበት አይደለም፣ ፈቃዱ መሰረዙ ይታሰብበት ብሎ ለበላዮቹ በጽሑፍ አሳስቦ ነበር። ማስታወሻው ተነበበ፤ እርምጃ አልተወሰደም። ፈቃዱ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ታደሰ።

በፊንላንድ ካውሃዮኪ በመስከረም 2008 አሥር ሰዎችን የገደለው ተማሪ ሽጉጥ ሲተኩስ የሚያሳይ ቪዲዮ በኢንተርኔት ለጥፎ ስለነበር ፖሊስ ጠርቶ አነጋገረው። ፈቃድ ካገኘ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ሆኖት ነበር። ካነጋገሩት በኋላ ሽጉጡን ትተውለት ሄዱ። በማግስቱ ገደለ።

በእንግሊዝ ፕሊመዝ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያማል፤ እዚያ መሣሪያው በእርግጥ ተወስዶ ነበር። ሰውየው መናፈሻ ውስጥ ወጣቶችን በመደብደቡ ጠመንጃውና ፈቃዱ በ2020 መጨረሻ ተነጠቁ። በሐምሌ 2021 ተመለሱለት። ነሐሴ 12 እናቱን፣ አንዲት የሦስት ዓመት ሕፃንና ሌሎች ሦስት ሰዎችን ገደለ። በ2023 የሞቱን መንስኤ የመረመረው የሕዝብ ዳኞች ጉባኤ በአካባቢው ፖሊስ የፈቃድ ክፍል ከባድ ጉድለት እንደነበረ፣ ሠራተኞቹም በቂ ሥልጠና እንዳልነበራቸው አረጋገጠ።

በመጋቢት 2023 በጀርመን ሐምቡርግ በይሖዋ ምስክሮች አዳራሽ ግድያ ተፈጸመ። ከሁለት ወር በፊት ስሙን ያልገለጸ ሰው ስለ ገዳዩ ለመሣሪያ ፈቃድ ክፍሉ ደብዳቤ ጽፎ ነበር፦ ይህ ሰው የአእምሮ ሕመም ሳይኖርበት አይቀርም፣ በሃይማኖት ማኅበራት በተለይም በይሖዋ ምስክሮች ላይ ቁጣ አለው፣ ተመልከቱት። ፖሊሶች ቤቱ ሄዱ። ሰውየው በትሕትና ተቀበላቸው። መሣሪያው በካዝና ውስጥ ነበር፤ አንዲት ጥይት ብቻ ከካዝናው ላይ ወድቃ ስላገኙ በቃል አስጠንቅቀውት ተመለሱ። ደብዳቤው ስለ ሰውየው አእምሮ ነበር፤ የተመረመረው ግን ካዝናው ነው።

ከእያንዳንዱ በኋላ ሕግ ተሻሽሏል። ብሪታንያ ከደንብሌን በኋላ ሽጉጥን በ1997 አገደች፤ ከፕሊመዝ በኋላ ከሐኪም የጤና መረጃ ሳይመጣ ፈቃድ እንዳይሰጥ መመሪያ ወጣ። ፊንላንድ የሽጉጥ ፈቃድ ዕድሜን ወደ 20 ከፍ አድርጋ የሁለት ዓመት የተኩስ ስፖርት ልምምድ ማስረጃ ጠየቀች። ኒው ዚላንድ በ2023 የመሣሪያ መዝገብ ጀመረች። ሁሉም መልካም ነው። ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው፤ እያንዳንዱ አገር በሌላው ሞት ከመማር ይልቅ የራሱን ይጠብቃል።

ስለዚህ ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ ያለው ክትትል እንደ አሰጣጡ በሕግ ይወሰን። ካናዳ ፈቃድ ያላቸውን ሰዎች ስም ከፖሊስ መረጃ ጋር በየቀኑ በኮምፒውተር ታስተያያለች፤ አንድ ባለፈቃድ በዓመፅ ወንጀል ቢጠረጠር የፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ እድሳት እስኪደርስ ሳይጠብቅ ያውቃል። ይህ በየትም አገር ሊሠራ የሚችል ነው። ጥቆማ ሲመጣ ደግሞ መሣሪያው በመጀመሪያው ቀን ይወሰድ፤ ጥያቄው ከዚያ በኋላ በተረጋጋ መንፈስ ይመርመር። ለባለመሣሪያው ጥቂት ሳምንት ያለ ጠመንጃ መቆየት ኪሳራ ነው፤ አልክድም፤ ግን የሚመለስ ኪሳራ ነው። ጥቆማውም ሐሰት ሆኖ ከተገኘ መሣሪያው ሳይዘገይ ይመለስለት፤ በሐሰት የጠቆመውም በሕግ ይጠየቅ። ለመመለስ ሲወሰን ግን አንድ ሰው ብቻውን አይፈርም፤ ሁለት ሰው፣ ምክንያቱን ጽፎ።

ከሰው ወደ ሰው የሚደረግ ሽያጭም በፈቃድ ብቻ ይሁን። በ1999 በአሜሪካ ኮለምባይን ትምህርት ቤት ግድያ የፈጸሙት ሁለት ልጆች ለአካለ መጠን ባለመድረሳቸው መሣሪያ መግዛት አይችሉም ነበር፤ 18 ዓመት የሞላት ጓደኛቸው ከግል ሻጮች ገዛችላቸው። ማጣሪያ ቢኖር ኖሮ አልገዛም ነበር ብላ በኋላ ለግዛቱ ሕግ አውጪዎች ተናግራለች። ሻጭ ሁሉ፣ መደብር ይኑረው አይኑረው፣ የገዢውን ፈቃድ ትክክለኛነት ከመዝገቡ ሳያረጋግጥ አይሽጥ። ይህ ብዙ ክርክር የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

አሁን ብዙ ሰው ስለማያነሳው ሞት ልናገር። በአሜሪካ በጥይት ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ራሱን የገደለ ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ብዙ ጊዜ እንደ ማዕበል መጥቶ የሚያልፍ ነው፤ በዚያች ሰዓት እጅ ላይ ያለው ነገር ነው ሕይወትን ከሞት የሚለየው። የእስራኤል ጦር በ2006 ወታደሮች ለሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤት ሲሄዱ ጠመንጃቸውን በካምፕ እንዲተዉ አዘዘ፤ ራሱን የሚያጠፋ ወታደር ቁጥር 40 በመቶ ቀነሰ፤ ቅናሹም በዋናነት የታየው በሳምንቱ መጨረሻ ነው። በሥራ ቀን ጨምሮ አልተገኘም፤ ማለትም ሰዎቹ ቀን አልቀየሩም፣ ተረፉ። ስለዚህ በማመልከቻና በርክክብ መካከል የሚኖር የመቆያ ጊዜ እንደ ቢሮክራሲ ብቻ አይታይ። ዛሬ ሊሞት የመጣ ሰው ከወር በኋላ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል፤ ይህን ዕድል የመስጠት አቅም በናንተ እጅ ነው።

ተቃውሞውን አልሸሽም። ወንጀለኛ ፈቃድ አይጠይቅም ይባላል። ከላይ ከጠቀስኳቸው መሣሪያዎች ከኮለምባይን በቀር ሁሉም ወይ ፈቃድ ካለው ነጋዴ የተሸጡ፣ ወይ በመንግሥት ፈቃድ የተያዙ ነበሩ። በጨለማ ከሚሸጠው መሣሪያም ብዙው አንድ ቀን በሕጋዊ ሽያጭ ከእጅ የወጣ ነው፤ የመጀመሪያው ገዢ ከታወቀና የሚጠየቅ ከሆነ ለሌላ አሳልፎ መሸጡ ይከብደዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ግን እውነተኛ ክብደት አለው፤ እኔም ስጽፍ ያሳሰበኝ እርሱ ነው። ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን የማዳላት ሥልጣን ሊሆን ይችላል። ጥር 30 ቀን 1956 በሞንትጎመሪ፣ አላባማ፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤት በቦምብ ተመታ፤ ባለቤታቸውና ሕፃን ልጃቸው ውስጥ ነበሩ። ኪንግ ለመከላከያ መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ ጠየቁ፤ የአካባቢው ባለሥልጣናት ከለከሏቸው። በዚያ ዘመን በዚያ ቦታ ከርሳቸው የበለጠ ለሕይወቱ የሚሰጋ ሰው ማን ነበር? ፈቃድ ግን ባለሥልጣኑ እንደወደደ የሚሰጥ ስለነበር የቆዳ ቀለማቸው ወሰነ። በብዙ አገርም ፈቃድ ለወገን፣ ለዘመድ፣ ለደጋፊ እየተሰጠ ለሌላው ይነፈጋል። ይህን ፍርሃት የሚናገሩ ሰዎችን መሣሪያ ወዳዶች ናቸው ብሎ ማለፍ በደል ነው።

መፍትሔው ግን ማጣራትን መተው አይደለም፤ መለኪያውን ከባለሥልጣኑ ሆድ አውጥቶ ወደ ሕጉ ማስገባት ነው። የሚያስከለክሉት ምክንያቶች አንድ በአንድ በሕግ ይጻፉ፤ ያለፈ የዓመፅ ወንጀል፣ በቤት ውስጥ የተፈጸመ ድብደባ፣ የፍርድ ቤት የመከላከያ ትእዛዝ፣ በማስረጃ የተደገፈ ዛቻ። ብሔር፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከት ምክንያት ሊሆን እንደማይችልም በዚያው ይጻፍ። የተከለከለ ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ይቀበል፣ ለዳኛ ይግባኝ ይበል። ስንት አመለከቱ፣ ስንት ተፈቀደላቸው፣ ስንት በምን ምክንያት ተከለከሉ፣ በየአካባቢው በየዓመቱ ይታተም። የአገልግሎት ክፍያውም ድሃውን ብቻ የሚከለክል አይሁን።

ስለ አእምሮ ሕመምም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ የአእምሮ ሕሙማን ማንንም ጎድተው አያውቁም፤ ይልቅ ተጎጂዎች ናቸው። ሐኪም ቤት የሄደ ሁሉ ስሙ በመዝገብ ይገባል ከተባለ፣ በጣም መታከም ያለበት ሰው በተለይ ባለመሣሪያ ከሆነ ከሐኪም ይሸሻል፤ ያኔ ሁላችንም እናጣለን። ስለዚህ መለኪያው የሕመም ስም ሳይሆን አደጋን የሚያሳይ ድርጊትና በሐኪምና በዳኛ የተረጋገጠ ውሳኔ ይሁን። ሐኪሙም ለፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ይሁን፦ ይህ ሰው መሣሪያ ቢይዝ የሚያሰጋ ነገር አውቃለሁን? የቀረው የታካሚው ምስጢር ነው።

ለዚህ ሁሉ ገንዘብና ሰው ያስፈልጋል። የፈቃድ ክፍል በብዙ ቦታ የተረሳ ክፍል ነው፤ ጡረታ የቀረበው መኮንን የሚመደብበት፣ ሥልጠና የማይደርስበት። ፕሊመዝ ያስከፈለው ይህ ነው። በጀት ስታጸድቁ ይህን ክፍል እንደ ማኅተም መምቻ ሳይሆን ሕይወት እንደሚያድን ክፍል ተመልከቱት።

በመጨረሻ የምጠይቀው መልስ ነው፤ ቃለ መሐላ ወይም የሐዘን መግለጫ አይደለም። በዓመት ውስጥ በቤት ውስጥ ጥቃት ከተፈረደባቸው ሰዎች ስንቱ ስማቸው ከማጣሪያው መዝገብ እንደደረሰ፤ መልስ ሳይገኝ ጊዜ ስላለፈ ብቻ ስንት መሣሪያ እንደተሸጠ፤ ስለ ባለፈቃዶች ስንት ጥቆማ እንደመጣና በስንቱ መሣሪያው እንደተወሰደ፤ ስንት የፈቃድ ሠራተኞች ለሥራው እንደሠለጠኑ። አራቱንም ቁጥሮች ለሕዝብ አሳትሙ። ቁጥሩ ከሌላችሁ የለንም ብላችሁ በይፋ አስታውቁ፤ ከመቼ ጀምሮ መቁጠር እንደምትጀምሩም ቀኑን ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
ጉዳዩ የሚያሳስበኝ ዜጋ